ወላጅ ወይም አሳዳጊ፦ የአቶ ቀለመ ወርቅ ወልደ ገብርኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ ቀለመ ወርቅ ወልደ ገብርኤል ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ገብርኤል አስረስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሐረገ ወይን ተሰማ፣ በስማዳ ወረዳ መጋቢት 27 ቀን 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ይህን ስም ያወጡላቸው ልጃቸው ቀለም እንዲገባው ተመኝተው ነው። ልጅየውም ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር፤ ቅኔው ግን እሳቸው ሲያወሩት እንደነበረው «እኔም አልያዝኩት፣ እሱም አልያዘኝ» ሆነና በ1960 ዓ.ም. ወደ ዘመናዊ ትምህርት ዞሩ። በ1971 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርታቸውን በንፋስ መውጫ አጠናቀቁ።

እጅ ጽሕፈታቸው ውብ ስለነበረ በ1972 ዓ.ም. በመካነ ኢየሱስ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ኋላም ወደ ንፋስ መውጫ ተዛውረው፣ በ2008 ዓ.ም. በጡረታ እስከተገለሉ ድረስ በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል አገልግለዋል። በሰዓት ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ያረፈደ ሠራተኛ ከሩቅ ካያቸው መንገድ ይቀይር ነበር። ቤታቸውም ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ሲዘገዩ ምክንያታቸውን በጽሑፍ ያቀርቡ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሺ መኮንን ጋር በሥርዓተ ቁርባን ተጋብተው አስቻለውንና ፍቅርን ወለዱ። በ1984 ዓ.ም. እኅታቸው ወይዘሮ አማረች፣ ባለቤታቸው አቶ ዮሐንስ በሞቱ በዓመቱ ሲያርፉ፣ የሦስት ዓመት ልጃቸውን ርብቃን ከስማዳ አምጥተው አሳደጉ። ከዚያ ወዲህ ልጆችዎ ስንት ናቸው ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው «ሦስት» ነበር።

ጡረታ በወጡ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ጠጠር ማምረት የጀመረ አንድ አነስተኛ የቻይና ድርጅት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ አድርጎ ቀጠራቸው። ድርጅቱ የቤተሰብ ነበር፤ ሚስተር ሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ባለቤታቸው ገንዘብ ያዥ፣ ወንድማቸው መካኒክ ነበሩ። ሰው የሚቀጠረውም የሚባረረውም በሚስተር ሉ ቃል ነበር እንጂ ደንብ የሚባል ነገር አልነበረም። አቶ ቀለመ ወርቅ ለስልሳ ሠራተኞች የግል ማኅደር ከፈቱ። የቅጥር ውሉን ማንበብ ለማይችለው ገበሬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያነበቡ ያስረዱ ነበር። የለቅሶ ፈቃድ ቅጽም አዘጋጁ፤ ለወላጅ፣ ለትዳር ጓደኛና ለልጅ ሦስት ቀን ይላል።

በ2011 ዓ.ም. ከአርብ ገበያ አካባቢ የመጣ ዳኛቸው የሚባል ሠራተኛ እናቴ ሞታብኛለች ብሎ ፈቃድ ወሰደ። ማኅደሩ ሲታይ ከሁለት ዓመት በፊትም እናቱን ቀብሯል፤ የሁለቱ እናቶች ስም ደግሞ የተለያየ ነው። ሚስተር ሉ ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ አንድ ሰው ስንት እናት አለው ሲሉ በአስተርጓሚ ጠየቁ። አቶ ቀለመ ወርቅ የአገሩን ልማድ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ነገር ግን «ወላጅ» የሚለውን ቃል ቅጹ ላይ ያሰፈሩት ራሳቸው ነበሩና፣ ደንብ ደንብ ነው ብለው የዳኛቸውን የስንብት ደብዳቤ በዚያ ውብ እጅ ጽሕፈታቸው ጽፈው ፈረሙ። ይህ እዚህ የተጻፈው ሟቹን ለመውቀስ አይደለም፤ እንዳይደበቅ ያዘዙት እሳቸው ናቸው።

ለምሳ ቤት ገብተው የሆነውን ለባለቤታቸው ነገሯቸው። ወይዘሮ የሺም «እንግዲያማ ርብቃም አባት የላትም ማለት ነዋ!» አሏቸው። አቶ ቀለመ ወርቅ ምሳቸውን ሳይቀምሱ ተነሡ።

በማግስቱ አርብ ገበያ ወርደው ዳኛቸውን ይቅርታ ጠየቁ። የሟቿ አርባ ሲወጣም ሚስተር ሉን ለምነው ወደ ተዝካሩ ይዘዋቸው ሄዱ። እዚያም እማሆይ ታደለች የሚባሉ ጎረቤት እንግዳውን «ጌታዬ፣ ያችኛዋ ወለደችው፣ ይህችኛዋ አሳደገችው። የትኛዋን አትቅበር ሊሉት ነው?» አሏቸው። ሚስተር ሉ ይህ ሲተረጎምላቸው የሟቿን ስም ጠየቁ። ሰኞ ዳኛቸው ሥራው ላይ ነበር። ቅጹም እንደገና ተባዝቶ «ወላጅ ወይም አሳዳጊ» የሚል ሆነ። አቶ ቀለመ ወርቅ የስንብቱን ደብዳቤ አልቀደዱትም። ለራሳቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጽፈው፣ ደብዳቤውን ከዚያ ጋር አያይዘው በገዛ ማኅደራቸው ውስጥ አስቀመጡት።

ድርጅቱ በ2013 ዓ.ም. ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ እሳቸውም ወደ ቤታቸው ገቡ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ዓርብ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ንፋስ መውጫ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። በሕመማቸው ወራት ዳኛቸው ከአርብ ገበያ እየተመላለሰ ደግፎ ያስነሣቸው፣ ደግፎ ያስተኛቸው ነበር። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ቅዳሜ ግንቦት 9 ቀን በደብራቸው ይፈጸማል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺን፣ ልጆቻቸውን አስቻለውን፣ ፍቅርንና ርብቃን እንዲሁም አራት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል።

ይህን የጻፍኩት እኔ ርብቃ ነኝ። ትናንት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት የለቅሶ ፈቃድ ስጠይቅ ቅጽ ሰጡኝ። ዝምድና በሚለው ቦታ «አባት» ብዬ ሞላሁ። ጸሐፊዋ የሟቹን ስም አየች፣ ስሜንም አየች፤ «ያንቺ አባት ዮሐንስ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። «እሱም አባቴ ነው» አልኳት።

ሰውን ሁሉ በስሙ የሚያውቅ አምላክ የአባቴን የቀለመ ወርቅን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ እናታችንን ያጽናልን። አሜን።