ያለ ወቅቱ የተነፋ መለከት

ሰኞ፣ የጥቅምት አቦ

ዛሬም ወንበር አሸክመው ወጡ። ተራራው ላይ የሚቀመጡበት ድንጋይ የጠፋ ይመስል። አንዱ ባሌ ናቸው፣ አሶሳ የሰፈረው ጦር አዛዥ ባላምባራስ። ሌላው ካርታ እስላለሁ ብሎ እኛ ዘንድ የከረመው ፈረንጅ ነው። ጠዋት ይወጣሉ፣ አናቱ ላይ ይበላሉ፣ ነፋስ ይቀበላሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ። በአገሬ ሰው ተራራ የሚወጣው ሊመንን ወይም ሊሸፍት ነው። እነዚህ ምሳ ሊበሉ ይወጣሉ።

የሚሸከመውስ ማን ነው? የዚህ አገር ገበሬ። ማሽላው ፍሬ ይዟል፣ ወፍ የሚያባርርለት ሰው ይፈልጋል። ወፍ አባራሪው ግን የፈረንጅ ወንበር ተሸክሞ ዳገት ላይ ነው። ወፏ ምን ቸገራት።

አባቴ ዳዊት ሲያስደግሙኝ እናቴ «ለሴት ልጅ ጽሕፈት ምን ይሠራላታል» ትል ነበር። ይኸው፣ ለንዴቴ ሆነኝ።

ማክሰኞ

የባሰው መጣ። ፈረንጁ ኢድሪስ ቤት ተሰቅለው ያያቸው ረጃጅም የቅል መለከቶች ተራራው ላይ ይነፉልኝ አለ። ባላምባራስም ሐሙስ ይነፋልዎታል ብለው ቃል ሰጡ።

ኢድሪስ የመለከቶቹ ጠባቂ ነው፣ የሐዋ ባል። ሐዋ ባለፈው ክረምት ንዳድ ሲጥለኝ ኮምጣጣ የሁመር ፍሬ የተዘፈዘፈበት ውሃ እያጠጣች ያስነሳችኝ ሴት ናት። ከአገሬ ሴቶች አንዷም ደጄን አልረገጠችም ነበር፣ በሽታው ይይዘናል ብለው።

ኢድሪስ ተጠርቶ መጣና አይሆንም አለ። ማሽላ ከተዘራ እስኪታጨድ መለከት አይነፋም፣ ሕጋቸው ነው። ባላምባራስ ደግመው ጠየቁት። ደግሞ አይሆንም አለ። እግር ብረት አስገቡት።

ሐዋ ወዲያው እየሮጠች እኔ ዘንድ መጣች። አማርኛን የተማረችው ገበያ ነው፣ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ትላለች።

«እመቤቴ፣ አንተ ለጌታ ንገር። ማሽላ ገና ነው። ኢድሪስ እምቢ ያለ፣ ለጥጋብ አይደለም።»

እነግራለሁ አልኳት። ይዛልኝ የመጣችውን ባሚያ ደጄ ላይ ጥላ ሄደች።

ረቡዕ፣ ሥላሴ

ነገርኳቸው። ለእንግዳ የሰጠሁትን ቃል የገበሬ ማሽላ አያስቀረውም አሉኝ።

«በሁዳዴ ከበሮ አስመታልኝ የሚል እንግዳ ቢመጣ ምን ይሉታል?» አልኳቸው።

«ያማ የእግዜር ሕግ ነው።»

«ይሄስ የማን ነው?»

በቅሎ ይጫንልኝ ብለው ወጡ። ዛሬም ተራራ። ዛሬም ጥብስ፣ በጾም ቀን። ሥጋው ለፈረንጁ ብቻ ነው ይላሉ፤ ሲመለሱ ጣታቸው ላይ ያየሁት ቅባት የማን እንደሆነ እንጃ።

ነገ እኔም እሄዳለሁ አልኩ። ሴት ምን ልትሠራ አሉ። ወንዶቹ ምን እንደሚሠሩ ልታይ አልኩ።

ሐሙስ



መለከቶቹን በግድ ከኢድሪስ ቤት አውጥተው ለኛ እምቢልታ ነፊዎች ሰጧቸው። የሽመሉን ጫካ ጥሰን አናቱ ላይ ስንደርስ ፈረንጁ ወንበሩ ላይ ተንሰራፋ፣ ባላምባራስ አጠገቡ ቆሙ። በገዛ ግዛታቸው።

ከነዚህ መለከቶች እያንዳንዱ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ነፊዎቹ እየተቀባበሉ ነው ዜማ የሚሆነው፤ አምና ከአጨዳ በኋላ ሰምቼ ዕንባዬ መጥቷል። የኛዎቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነፉ። አህያ የሚያናፋ እንጂ መለከት አይመስልም። ፈረንጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ባላምባራስም እሱን አይተው ሳቁ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኼ ነው።

ከዚያ ከታች እሪታ ተሰማ። መጀመሪያ የአንድ ሴት፣ ቀጥሎ የመንደሩ ሁሉ። ሰው ከሽመሉ ውስጥ እየወጣ መጣ። ሴቶቹ አመድ ነስንሰዋል፣ ወንዶቹ ጦር ይዘዋል። ወታደሮቻችን ጠመንጃ አቀባበሉ። ከፊት ሐዋ ነበረች፤ ባላምባራስ ፊት ስትደርስ የአንገቷን ዶቃ በጥሳ በተነችው።

«ኢድሪስን የት ቀበርክ?» አለች።

ማንም አልገባውም። ወንበር ተሸካሚው ነው ያስረዳን። ማሽላ ሳይታጨድ መለከት የሚነፋው ጠባቂው ሲሞት ብቻ ነው። ድምፁን ሲሰሙ ገደሉት ብለው ወጡ። አንድ ሰው እንኳ «ቢነፋ ምን ይሆናል» ብሎ አልጠየቀም፣ እኔም ጭምር።

ከበቅሎዬ ወርጄ መሐል ገባሁ። በሕይወት አለ አልኳት።

«አሳየኝ» አለች።

ባላምባራስ ላብ አጥምቋቸው ነበር። ይፈታ ያሉት ድምፃቸው ተሰልቦ ነው። እነሱ አመዳቸውን፣ እኛ ጠመንጃችንን ይዘን አብረን ወረድን። የሐዋን እጅ ይዣለሁ፣ እጇ ግን እጄን አልያዘም። ወንበሩን የሚሸከም ጠፋ።

ኢድሪስ ቁርጭምጭሚቱን እያሸ ወጣ። ሐዋ ፊቱን ዳሰሰችው፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ዓርብ

ባሌ ለፈረንጁ «ምሬ ለቀቅሁት» ሲል ሰማሁት። ዛሬ «እሳቸው» አልለውም፣ በገዛ ወረቀቴ ላይ። ማረው? ከንፈሩ ሲደርቅ ያየሁት እኔ ነኝ።

መለከቶቹ ተመልሰዋል፣ አንዱ ተሰንጥቋል። ኢድሪስ ስንጥቁን በጣቱ ዳስሶ ተቀበለ አሉ። ፈረንጁ ወደ ጉባ ሊሄድ ጓዙን ያስራል። እዚያም ተራራ አያጣም።

ሐዋ አልመጣችም። ባሚያ የምታመጣበት ቀን ነበር። ሦስት ጊዜ ደጅ ወጥቼ አየሁ።

ቅዳሜ

መጣች። አንገቷ ባዶ ነው። ዶቃው የእናቷ ነበር፤ ልፈልገው ተራራው ልወጣ ነበር፣ ወታደር ይመልሰኛል ብዬ ፈራሁ አለችኝ። ባሌን ሳላስፈቅድ ነጠላዬን አገልድሜ ተከተልኳት።

ቀኑን ሙሉ ሣር ስናበጥር ዋልን። ወንበሩ እዚያው ቆሟል። «ተቀመጥ፣ እመቤቴ» አለችኝ። መሬቱ ይሻለኛል አልኩ። የለቀምነውን ዶቃ ወንበሩ ላይ አጠራቀምን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቁም ነገር ዋለ። ግማሹን አላገኘነውም።

ስንወርድ ማሽላው ላይ ወፍ ሰፍሮ ነበር። ሐዋ ድንጋይ ወረወረች፣ እኔም ወረወርኩ።

ሲታጨድ መለከቱ ሲነፋ መምጣት እችል እንደሆነ ጠየቅኳት። ዶቃውን የቋጠረችበትን ጨርቅ አጠበቀች።

«ኢድሪስን እጠይቃለሁ» አለች።

እምቢ ቢል እውነት አለው።