ለአባባ ያልተላከው መድኃኒት

ለምናፍቅህ ወንድሜ ለጋሼ ኃይለጊዮርጊስ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንዴት ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይ? ጀርመን አገር ቀኑን ሙሉ ላብራቶሪ ውስጥ ቆመህ መዋልህን ሳስብ ታሳዝነኛለህ። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን፤ ደኅና ነን ብዬ ግን ልጽፍልህ አልችልም። ያልደወልኩልህ ነገሩ በስልክ ተነግሮ ስለማያልቅና ቤት ስሆንም አባባ ከአጠገቤ ስለማይጠፉ ነው። ይህን ጽፌ በስልኬ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁና ሳታሳድር አንብበው።

ለጓደኛህ ለአልአዛር የላክኸው ሳጥን መጥቷል፤ እሱ እጅ ግን አልገባም። መንገደኛው ከተባለው ቀን ቀድሞ ሲደርስ እኔ ቴፒ የአክስታችንን ቡና እየለቀምኩ ነበር። ከኃይለጊዮርጊስ ነው፣ ቅዝቃዜ ይፈልጋል ብሎ ለአባባ አስረክቦ ወደ ማሻ አለፈ። ሰፈራችንን ታውቀዋለህ፤ ከውጭ አገር ልጅ በበረዶ ታሽጎ የሚመጣ ነገር የወላጅ መድኃኒት ነው። የእትዬ እማዋይሽም የስኳር መርፌ እንዲሁ ነው የሚመጣው። ለማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። አባባ ደግሞ ኩላሊታቸው ከደከመ ወዲህ ጅማ ያዘዙላቸው የደም ማነስ መርፌ ከፋርማሲ ጠፍቶባቸው ከርሟል። አማን የምትኖረውን ጡረተኛዋን ነርስ ሲስተር ንጋቷን አስጠሩ። ብልቃጡ ላይ ያለው ስም ከታዘዘላቸው መድኃኒት ስም ጋር አንድ ሆኖ ስታገኘው አንተን እየመረቀች ዱቄቱን በጥብጣ ወጋቻቸው።

እሑድ ስመለስ ብልቃጡን አነበብኩት። ከስሙ ሥር በደቃቅ ፊደል ለላብራቶሪ ምርምር ብቻ፣ ለሰው የማይሰጥ ይላል። ሮጬ አልአዛር ዘንድ ሄድኩ። ሰውነታችን ደም እንዲሠራ የሚያዘው ፕሮቲን ነው አለኝ፤ ከሰው ዘረ መል ተቀድቶ በሌላ ሴል ውስጥ የሚመረት። እሱ ለምርምሩ የፈለገው ከደን የሚሰበስባቸውን ቅጠሎች ከዚህ ፕሮቲን ጋር እያነጻጸረ በብልቃጥ በሚያሳድጋቸው ሴሎች ላይ ሊሞክር ነው። ለታማሚ የሚሠራው ንጽሕናውም መጠኑም ይፈተሻል፤ ይኼኛው ለሰው ተብሎ አልተፈተሸም። ትኩሳት ወይም የደም መርጋት ሊያመጣ ይችላል። ከሁሉ ያስፈራኝ ግን ሰውነት ይህን እንደ ጠላት ከቆጠረው የራሱን ተመሳሳይ ፕሮቲንም አብሮ ሊዋጋና ደም መሥራቱን ጭራሽ ሊያቆም ይችላል ማለቱ ነው። ይህ ደግሞ ወዲያው አይታወቅም አለኝ። ስለዚህ ዛሬ ደኅና ዋሉ ብዬ እንኳ መደሰት አልቻልኩም። ሲተኙ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ፣ ሰበብ ፈልጌ ግንባራቸውን እነካለሁ። ፈራሁ ጋሼ፣ በጣም ፈራሁ።

እሳቸው ጉልበቴ ተመለሰ ብለው የተሰጣ ቡና ሲያገላብጡ ነው የሚውሉት። አደጋውን ስነግራቸው ሳቁብኝ፤ ልጄ መርዝ ይልክልኛል ወይ አሉኝ። ሆስፒታል ሄደን ደምዎ ይታይ ብላቸው የዳነ ሰው እዚያ ምን ይሠራል አሉ። ሲስተር ንጋቷ ጽሑፉን ሳሳያት ደንግጣ ሁለተኛ አልነካውም ብላለች። አባባ ግን ሌላ የሚወጋ ሰው አግኝተው ለቅዳሜ ቀጥረውታል።

የቀሩት ብልቃጦች ቤት ቢሆኑ ኖሮ ሰብሬ እጥላቸው ነበር። የእኛ ፍሪጅ ስለተበላሸ አባባ ጋሽ ሰዓድ ሱቅ፣ ከለስላሳው ጋር አስቀምጠዋቸዋል። አልአዛርን ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ሰዓድ ሰምተው ደነገጡ። ቢሆንም አባትሽ በእጃቸው የሰጡኝን አደራ ያለ ቃላቸው ለማንም አልሰጥም፣ መጥተው ሲጠይቁኝም ንብረታቸውን ልከለክላቸው አልችልም አሉ። የሰፈሩን አደራ ጠብቀው የኖሩ ሰው ናቸውና ልቆጣቸውም አልሆነልኝም።

እንግዲህ የቀረኸኝ አንተ ነህ። ስትደውልላቸው አደገኛ ነው ብቻ አትበላቸው፤ ያንንማ እኔም ብያቸው ነበር። ለእርስዎ የላክሁት አይደለም በላቸው። ይህን ከአፍህ ካልሰሙ አይመለሱም። ምን እንደምጠይቅህ አውቃለሁ። ተኳርፋችሁ ከተለያያችሁ ወዲህ ልጄ ረሳኝ እያሉ ሲብሰለሰሉ የኖሩ ሰው አሁን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ላገኙት ሁሉ ልጄ ጤናዬን ላከልኝ እያሉ ነው። እማዬ ይህን ደስታ እኔ አልነጥቃቸውም ብላለች። እኔ ግን ደስ ብሏቸው ከሚሞቱብኝ አዝነው ቢኖሩልኝ ይሻለኛል። እባክህ ከቅዳሜ በፊት ደውል።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች። ታናሻችን አቢጊያ ስምንተኛ ክፍልን አልፋለች፣ ንገሪልኝ ብላለች። እትዬ እማዋይሽ ሰላም ብለውሃል። አልአዛርም ስለ ሳጥኑ አታስብ፣ አባትህን አድን ብሎሃል።

አባባ አሁን ለማን ነው የምትጽፊው ብለው ጠየቁኝ። ለአንተ ነው ስላቸው ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። የላዩን በእጄ ሸፍኜዋለሁ። ሰላም በይልኝ፣ ያሰብክልኝን አግኝቻለሁ በይልኝ፣ የያዝኩብህን ቂም ሁሉ ትቼልሃለሁ በይልኝ ብለውኛል። እንዳሉኝ ጽፌልሃለሁ።

እህትህ ልዩ
ሚዛን አማን፣ ረቡዕ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.