ከአቶ ይርጋ ደጅ የተመለሰ ቃል

ይድረስ ለወንድሜ ለዓሪፍ አብዱሰመድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ ወንድሜ? ጤናህስ፣ እንቅልፍህስ፣ እህል መቅመስህስ እንዴት ነው? ያ የዓረብ አገር ሙቀት በረድ አለልህ ወይ? ወገብህን ያምህ የነበረውስ ተሻለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ በአካል ደህና ነን። እማማን ጉልበቷ ነው እንጂ ሌላ የሚያማት የለም፤ አባባም ወጥተው ይገባሉ። በልባችን ግን ደህና ነን ብዬ አልዋሽህም። አባባ ሽማግሌዎቹ አጠገባቸው ተቀምጠው በስልክ «ፈርም» ካሉህ፣ አንተም «እሺ አባባ» ብለህ ከዘጋህበት ቀን ጀምሮ ስልክህ ዝግ ነው። የጻፍኩልህ መልእክትም አንድ ራይት ብቻ አሳይቶ እዚያው ቀርቷል። አንተ ልጅ፣ በቤተሰብ ላይ እንዲህ ይጨከናል? ፈረምክ ይሁን አልፈረምክ ሳናውቅ እህል አልዋጥ ብሎናል።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የወልድያው ዮናስ ያመጣልሃል። ከካምፕህ አጠገብ ባለው መጋዘን ውስጥ የሚሠራው ልጅ ነው፤ ለእረፍት መጥቶ ከርሞ ነገ ጠዋት ከወልድያ ይነሣል። እጅህ ላይ ሳያስቀምጥ ወደ ማደሪያው እንዳይገባ በእናቱ አስምዬዋለሁ። ምነው ይህን ያህል አለኝ። አንተ ብቻ አድርስልኝ አልኩት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ አንተ የሰማኸው ጫፉን ብቻ ነው። ያን ዕለት ጁምዓ ከሶላት መልስ አቶ ይርጋ ከሲሪንቃ ድረስ መጡ። ሼህ አብዱልሐሊምንና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችን ይዘዋል። እኔ ሱቁን ዘግቼ ለምሳ ገብቼ ነበር። እማማ ምንጣፍ ዘርግታ ግቡ፣ ተቀመጡ ብትላቸው ወይ ፍንክች! ግቢው መሐል፣ ፀሐዩ ላይ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። የአገራችንን ሽማግሌ ታውቀዋለህ፤ የመጣበትን እሺ ካላሉት አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስም። አባባ ደግሞ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ቆሞ ማየት ሞታቸው ነው። ሼህ አብዱልሐሊም «ልጆቻችን በሰው አገር ተቀያይመዋል፤ ዓሪፍ ለይርጋ ልጅ ለኤርሚያስ እምቢ ብሎታል። ዕርቅ ፈልገን ነውና የልጅህን ነገር ለእኛ ስጠን» አሉ። አባባም ምን ተፈጠረ ብለው ሳይጠይቁ «የዓሪፍን ነገር ሰጥቻችኋለሁ፣ በሉ አረፍ በሉ» አሏቸው። አወይ አባባ! በዚያ ሰዓት አፋቸውን በእጄ በከደንኩት።

ደግሞ አልፈርድባቸውም። የጠየቋቸው ሌላ ሰው አይደሉም፣ አቶ ይርጋ ናቸው። አባባ ሽንኩርቱን የእኩል የሚያለሙት በእሳቸው መሬት ነው። አንተን እዚያ ወርክሾፕ ያስገባህም የእሳቸው ልጅ ኤርሚያስ ነው። ክፉውንም ደጉንም አብረው ያሳለፉ ሰዎች ናቸው፤ በዚያ በጦርነቱ ጊዜ ማን ማንን እንዳስጠለለ ለአንተ አልነግርህም።

ነገሩ የወጣው ተቀምጠው፣ እህል ቀርቦ፣ ከበሉ በኋላ ነው። አቶ ይርጋ ኤርሚያስ የነገራቸውን እንዳለ ነገሩን። አንድ ያረጀ የአውሮፕላን ሞተር እጃችሁ ላይ አለ፤ ባለቤቶቹ አሁኑኑ ካልሰጣችሁን እያሉ ኤርሚያስን ቁም ስቅሉን እያሳዩት ነው፤ የፈረቃው አለቃ እሱ ስለሆነ ሥራው ጭንቅ ላይ ወድቋል። ሞተሩ በቀዳዳው በኩል በካሜራ ታይቶ ንጹሕ ሆኗል። የፍተሻ ፈቃድ ያለህ አንተ ነህና የቀረው ያንተ ፊርማ ብቻ ነው፤ አንተ ግን ሆዱ ተፈትቶ ያ ክብ ብረት ካልወጣ አልፈርምም ብለህ ድርቅ ብለሃል። ከዚያ አቶ ይርጋ ፊርማ ምን ይከብዳል፣ ብዕር ማንሳት አቃተው እንዴ ብለው ሳቁ። አባባም አብረው ሳቁ። ስልኩም ያኔውኑ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ተደወለልህ።

እኔ ጓዳ ሆኜ ደሜ ፈላ። ለአረፋ መጥተህ ሱቄ በረንዳ ላይ ያስረዳኸኝ ከጆሮዬ አልጠፋማ። የባጃጅ ኩሽኔታ ሻጭ ነኝ፣ የአውሮፕላኑን ከየት አውቄው? ግን ቀስ ብለህ ነበር የነገርከኝ። በሞተሩ ሆድ ውስጥ እንደ ማራገቢያ የሚሽከረከሩትን ምላጮች ሁሉ የተሸከመ ክብ ብረት አለ፤ አውሮፕላኑ በተነሣና ባረፈ ቁጥር ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ብረትም እንደ ሰው ይደክማል አልከኝ። ስንጥቁ የሚጀምረው ዓይንም ካሜራም በማይደርስበት ቦታ ነው፤ ሕጉ ባረጀ ክፍል ላይ የጠበቀውም ለዚህ ነው። ወጥቶ ይታጠባል፣ በመሣሪያ ይፈተሻል፣ የተሰጠው ዕድሜ ካለቀ ደግሞ ቢያብረቀርቅም ይጣላል። አየር ላይ ከተሰበረ የሞተሩ ሽፋን አይችለውም፤ ክንፉንም ሰውንም ቀዶ ይወጣል አልከኝ። እኔም ታዲያ ሰው በምን ልቡ ይሳፈራል ብዬ ስቄብህ ነበር። ይህን እየጻፍኩልህ ደግሞ አንድ የባጃጅ ሾፌር ሱቄ ገብቶ አደረቀኝ፤ አሮጌውን ኩሽኔታ አጥበሽ መልሺልኝ ይለኛል! ሂድልኝ ብዬ አባረርኩት፣ ዛሬ ሰው መስማት አልችልም።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲወጡ አባባን ያዝኳቸው። ምን አደረጉ አባባ፣ ሰው የሚያልቅበት ነገር ነው እኮ አልኳቸው። እሳቸው ሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል አይታጠፍም፣ ኤርሚያስም የሰው ልጅ ነው፣ ሰው ሊገድል አይፈልግም ብለው ተቆጡኝ። እኔም መች ዝም እላለሁ፤ አቶ ይርጋ የገዛ ልጃቸውን ሜሮንን በዚያ አውሮፕላን ያሳፍሯታል ወይ ብለው ይጠይቋቸው አልኳቸው። እውነትም ደውለው ጠየቁ። አቶ ይርጋ ደግሞ ሜሮንን ብቻ አይደለም፣ ኤርሚያስ ራሱ ቀድሞ ይሳፈርበታል ብለው መለሱላቸው። ያመኑትን ነው የተናገሩት።  

ከዚያ ወዲያ እኔና አባባ ተኳረፍን። እንድንነጋገር ያደረገችን እማማ ናት። አባባ ለመግሪብ ውዱእ እያደረጉ፣ እሷ ሽሮዋን እያማሰለች፣ ለመሆኑ ያ ፊርማ ምን ይላል ብላ ጠየቀችኝ። ማንም ይህን አልጠየቀም ነበር! ይህን ክፍል ከሞተሩ አውጥቼ፣ ፈትሼ፣ ጤነኛ ሆኖ አግኝቼዋለሁ ይላል፤ ከሥሩ ስሙን ያኖራል አልኳት። አባባ ውሃውን እንደያዙ ቀና አሉ። አውጥቶታል ወይ አሉኝ። አላወጣውም አልኳቸው። ታዲያ ያላየውን እንዴት አየሁ ይላል አሉ። እሱን ነዋ እምቢ ያለው አባባ፣ አልኳቸው።

አባባን ታውቃቸዋለህ። ከመርሳ እስከ ሐራ በድንበር የተጣላ ሁሉ ለምስክርነት የሚጠራቸው ሰው ናቸው። አክስታችን በመሬቷ ስትከራከር፣ የገዛ እህታቸው ፊታቸው ቆማ እያለቀሰች፣ ድንበሩ ሲተከል አላየሁም ብለው ዳኛ ፊት የተናገሩ ናቸው። እሷ መሬቷን አጣች፣ እሳቸውም ስንት ጊዜ ተረገሙበት። አሁን ውሃውን አስቀምጠው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ዕርቅ መስሎኝ ነው እኮ አሉ። በዕርቅ ሰው ከራሱ ይቀንሳል፣ ይተዋል፤ ምስክርነትን ግን ለማንም ብዬ አልተውም፣ የአላህ ነው አሉ። ልጄን በሐሰት መስክር አልኩት፣ እሱም እሺ አለኝ ብለው አለቀሱ። ወላሂ አባባ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። እማማ ሽሮው እስኪያር ድረስ አጠገባቸው ተቀመጠች።

በነጋታው መጀመሪያ ሼህ አብዱልሐሊም ቤት ሄዱ። ሼሁ ሰምተው ራሳቸውን ያዙ፤ ዕርቅ ነው ብለውኝ ነው የመጣሁት፣ ይቅር በለኝ፣ አውፍ በለኝ አሏቸው። ከዚያ ሌሎቹንም ሽማግሌዎች ይዘው በሚኒባስ ወደ ሲሪንቃ ወጡ። ሽምግልና ላይ ሴት ምን ትሠራለች ብለውኝ ነበር፤ እኔም አባባ ሊወድቁ ቢሉ ማን ይይዛቸዋል ብዬ ተከተልኩ። አጥሩ ጥግ ቆሜ ሁሉንም አየሁ።

አቶ ይርጋ እየሳቁ ወጡ፣ ግቡ እንጂ፣ ቤታችሁ አይደለም ወይ እያሉ። አባባ በሩ ላይ ቆሙ። አልቀመጥም ይርጋ፣ ቃሌን መልስልኝ አሉ። አቶ ይርጋ ቀልድ መሰላቸው። ሲገባቸው ፊታቸው ጠቆረ፤ ልጄን ሐሰተኛ ልታሰኘው ነው የመጣኸው አሉ። አባባም ልጅህን ምንም አላልኩም፣ ዕርቅ ብለህ ጠየቅኸኝ ሰጠሁህ፤ ዓሪፍን ያላየኸውን አየሁ በል በልልኝ ብትለኝ ግን አልሰጥህም ነበር አሉ። አቶ ይርጋ ጥለዋቸው ወደ ቤት ገቡ።

ፀሐዩ መሐል አናት ላይ ነበር። ልደግፋቸው ከአጥሩ ብጠጋ አባባ በዓይናቸው መለሱኝ። የአቶ ይርጋ ሚስት ጨንቋት ውሃ ይዛ ወጣች፤ አላህ ይስጥልኝ ብለው ሳይቀምሱ መለሱላት። እሷም ብርጭቆውን እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች። ወድቀው ይሞቱብኛል ብዬ ስንት ሐሳብ አሰብኩ መሰለህ። በመጨረሻ አቶ ይርጋ ወጡ። ቃልህን ውሰድ፣ ሽማግሌዎቹ ይስሙ፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን እግርህ ደጄን እንዳይረግጥ፣ ሽንኩርትህንም ነቅለህ መሬቴን ልቀቅ አሉ። ሽንኩርቱ ገና ቅጠል ነው፣ ራስ አልቋጠረም። አባባ እሺ አሉና ዘወር አሉ።

እውነቱን ልንገርህ፣ አቶ ይርጋም አሳዘኑኝ። ልጃቸው ከሥራ ሊባረር ነው ብለው እንቅልፍ ያጡ አባት ናቸው፤ በኤርሚያስም እንደዚህ ብዬ ልፈርድ አልፈልግም፣ አንተን እጅህን ይዞ ያስገባህ እሱ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አባባን ጠየቅኳቸው። ሞተሩ ተፈትቶ፣ ብረቱ ወጥቶ፣ ምንም ስንጥቅ ባይገኝበትስ? ያኔ አገር ይስቅብናል፣ ሽንኩርቱም በከንቱ ተነቀለ ይባላል አልኳቸው። ይሳቁ፣ ባይገኝበት አልሐምዱሊላህ ነው አሉኝ።  ቤት እንደገባን መጀመሪያ የጠየቁት ስልክ ነው፤ አሁንም አሁንም ደውዪ ይሉኛል። ያው ዝግ ነው።

እማማ እንዴት ነህ፣ ዓይንህን ያሳየኝ፣ በባዶ ሆድህ ሥራ አትግባ ትልሃለች። ጎረቤታችን እትዬ አበበች ስለ ጸሎቴ ብለህ አትርሳኝ በዪልኝ፣ እኔም ስለቴን ተስዬለታለሁ ብላለች። ልጄ ትንሹ አንዋር አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለ ሰላም ይልሃል። ሼህ አብዱልሐሊም በዱዓ እያሰቡህ ነው፤ አውፍ በለኝ በሉልኝ ብለዋል። እኔንም እህትህን ዓቢዳን እጅግ አድርገህ ናፍቀኸኛል፤ ስልክህን ካልከፈትክ ደግሞ አውፍ አልልህም።

የአባባን ሰላምታ እንደ ሌላው አላሳጥረውም፤ አጠገቤ ቁጭ ብለው አንድም ቃል እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺ ብለውኝ ያስጻፉኝን ነው የምጽፈው። «ልጄ ዓሪፍ፣ ፈርም ያልኩህ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። ካልፈረምክ አትፈርም። ሥራህን ቢነጥቁህ ወደ ቤትህ ና፤ መሬት የለንም፣ ቤት ግን አለን። ፈርመህ ከሆነም፣ ያ አውሮፕላን ሰው ሳይጭን ሂድና አለቆችህ ፊት ቆመህ ያላየሁትን ነው አየሁ ያልኩት በል። እኔ በዚህ ጉልበቴ ይርጋ ደጅ ላይ ቆሜያለሁ፤ አንተም ቁም።»

መርሳ፣ ሐብሩ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.