ለጊታር የመጡ ሽማግሌዎች

ሰኞ፣ ጁን 12፣ 2000። ከሰዓት

ዛሬም የሰው ጊታር ስቃኝ ዋልኩ። ዱሉዝ ከተማ ያለው፣ የምሠራበት የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ባዶ ነው፣ ኤሲው ብቻ ያጉረመርማል። ኬቪን መጣ። ኬኔሶ ከተማ ኮሌጅ ፊልም የሚማረው ልጅ፣ ጸጉሩ ከኔ የሚረዝመው። ያለፈው ሳምንት ለፊልሙ የትወና ፈተና፣ ኦዲሽን፣ አድርጌለት ነበር፣ ነግሬሻለሁ ደብተሬ። አለፍሽ አለኝ። ዋናዋን ሴት የምሠራው እኔ ነኝ።

የፊልሙ ታሪክ በድሮ ሮክ ባንዶች ዘመን ነው፣ እኛ ሳንወለድ። ልጅቷ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ እንደኔ። ጊታር ትወዳለች፣ እንደኔ። ጎህ ሳይቀድ በመኝታ ቤቷ መስኮት ዘልላ ከባንድ ጋር ትጠፋለች፣ መንገድ ላይ ትልቅ ሰው ትሆናለች። ቀረጻው የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ ከመስኮቱ ይጀምራል።

የቀረው አባዬ ነው። ጊታሩን ቤት ውስጥ ችሎታል፣ ሶኬት ላይ እስካልሰካሁት ድረስ። ካሜራ ፊት ግን? ጸጉሬን በትኜ? ቢሆንም እሠራታለሁ።

ረቡዕ፣ ጁን 14

ፊት ለፊት መጠየቅ አቃተኝ። አባዬ ታክሲ ሲነዳ ውሎ ሲገባ ፊቱን አያለሁ፣ ቃሌ ይጠፋል። ስለዚህ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። የአባዬ የወሎ አብሮ አደግ ናቸው፣ ከሱቃችን ጎን ላውንድሪ አላቸው። አባዬ የሳቸውን ቃል መሬት አይጥልም። አንድ ቃል ጣል ያድርጉልኝ አልኳቸው። ለኔ ተይው አሉ።

አንድ ቃል ነው ያልኩት። ልብ በይ።

እሑድ፣ ጁን 18

ጉድ ሆንኩ። ጋሽ ሰይድ ብቻቸውን አልመጡም። ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ሦስቱም ከመውሊድ ዝግጅት በቀጥታ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው። እማዬ በመጋረጃው ስንጥቅ አይታ ደረቷን ያዘች። ልጁ የማን ልጅ ነው አለችኝ በሹክሹክታ። እሷ ምንጣፉን ታስተካክላለች፣ ትራሱን ትደበድባለች።

አባዬ ከፈተ። ተቀመጡ ቢላቸው አልቀመጥ አሉ፣ እሺ ሳትለን አንቀመጥም። የአባዬ ፊት ጠቆረ። ልጄ ገና ተማሪ ናት ብሎ ጀመረ፣ ኮሌጅ እንኳ አልገባችም። ጋሽ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለትዳር አይደለም። ለጊታር ነው የመጣነው።»

እማዬ ከማድ ቤት በር ላይ «ለምን?» አለች።

ከዚያ ሁሉንም ተረኩለት። ፊልሙን፣ መስኮቱን፣ ቅዳሜን። አባዬ ይስቃል ወይ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ እንደ ወጉ መለሰላቸው። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን መልስ አይሰጠውም። በሳምንቱ ተመለሱ አላቸው። እነሱም ደስ ብሏቸው ሄዱ፣ በወጉ ተስተናግደዋላ።

በሳምንቱ ማለት እሑድ ነው። ቀረጻው ቅዳሜ።

ሰኞ፣ ጁን 19

ንድድ ብያለሁ። ጋሽ ሰይድን ለመንኳቸው፣ ቀኑን ቀድማችሁ ተመለሱ ብዬ። በተንጠለጠለ ኮት መሐል ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ። የተቀጠረ ሽማግሌ ከቀኑ ቀድሞ ቢመጣ አባትሽን መናቅ ነው አሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ልጄ። ለሳቸው ቀላል ነው።

ቤት ገብቼ የመኝታ ክፍሌን መስኮት ሞከርኩት። ይከፈታል። ሥሩ ሣር ነው። ቅዳሜ አባዬ ማልዶ ኤርፖርት ይወጣል፣ እማዬ መጋዘን ሥራ ላይ ናት። ኬቪን ጥጉ ላይ ፓርክ አድርጎ ይጠብቀኛል። ወሰንኩ።

ረቡዕ፣ ጁን 21

አልወሰንኩም። መስኮቱን ባየሁት ቁጥር ያስጠላኛል። ከገዛ ቤቴ እንደ ሌባ? ደግሞ አባዬ መች ከለከለኝ። ቀጠሮ ነው የሰጠኝ። ያናደደኝም እሱ ነው፣ ቢከለክለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌላ ነገር አስቤያለሁ። አልጽፈውም፣ እንዳልፈራ።

ሐሙስ፣ ጁን 22

አደረግኩት።

የእማዬን ነጠላ ለብሼ በጓሮ በር ወጣሁ። ዞሬ የፊቱን ደወል ደወልኩ። አባዬ ከፈተ፣ ቁልፍሽ ጠፋ ወይ አለ። ለሽምግልና ነው የመጣሁት አልኩ። ሳሎን ገብቼ ቆምኩ። ተቀመጪ አለ። እሺ ሳትለኝ አልቀመጥም አልኩ። እማዬ ሳቋን በመዳፏ አፈነች።

አባዬ አልሳቀም። ያቺ ልጅ አባት አላት ወይ አለኝ። የፊልሟን ነው። አላት። ሲነጋ አልጋዋን ባዶ ሲያገኘው ምን ይላል? እሱ ፊልሙ ላይ የለም አልኩት።

«የለም?» አለ። ደብተሬ፣ ከልቡ አዘነ። ላልተወለደ ፈረንጅ አባት።

ያኔ ገባኝ። ያስጨነቀው ጊታሩ አልነበረም። መስኮቴን መሞከሬ ትዝ አለኝና አፈርኩ። በመስኮት አትወጣም አልኩት፣ በበር ነው የምትወጣው፣ ነግራው። እሺ፣ አሁን ተቀመጪ አለኝ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እንደ አዲስ እሺ ይላቸዋል። እንዳይከፋቸው።

ዓርብ፣ ጁን 23

ለኬቪን ደወልኩ። መስኮቱ የፊልሙ ነፍስ ነው አለ፣ ድፍረቷ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ሞክሬዋለሁ አልኩት፣ መስኮት ድፍረት አይጠይቅም። የሚከብደው አባት ፊት ቆሞ እሄዳለሁ ማለት ነው። ላስብበት፣ ነገ እዚያው እነግርሻለሁ አለ። እንቢ ካለ ሌላ ሴት ይፈልጋል። በጣም እፈልጋታለሁ ይህቺን ልጅ። ቃሌን ግን አላጥፍም።

ቅዳሜ፣ ጁን 24። ጠዋት

አባዬ ኤርፖርቱን ትቶታል። ከቤታችን ከሊልበርን እስከ ኬኔሶ ራሱ ሊነዳኝ ነው። እማዬ ሥራ ከመሄዷ በፊት ጸጉሬን በገዛ እጇ በተነችልኝ፣ እያጉረመረመች። ጊታሩ ታክሲው ውስጥ ነው። አባዬ በሩ ላይ አስቁሞ መዳፉን ዘረጋ። መውጫሽን ያሳምረው፣ መግቢያሽን ያሳምረው አለ። አሚን አልኩ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ኬቪን እንቢ ካለ በወጣሁበት በር እመለሳለሁ። እሺ ካለ ግን እንዴት እንደምሠራት አውቄዋለሁ። ጊታሬን ይዤ የአባቷን ክፍል አንኳኳለሁ። ተቀመጪ ይለኛል። አልቀመጥም። ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ አባዬ እላለሁ፣ እኔ

አባዬ ክላክስ እያደረገ ነው። መጣሁ