የመምህሩ ጓዳ

ቆሰበር፣ ጥር ፯ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለእምዬ።

እንደምን ከረምሽ? የጉልበትሽ ቁርጥማት እንዴት አድርጎሻል? ብርዱ ሲብስ ከእሳቱ ዳር አትራቂ ብዬሽ ነበር፤ አንቺ ግን የነገሩሽን የምትሰሚ ብትሆኚ ኖሮ እኔ ልጅሽ ባልሆንኩ። እኔ ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም" ብዬ እቀጥል ነበር። ዛሬ ግን የጎደለኝ አለ፤ ኋላ እመጣበታለሁ። ይህን ደብዳቤ ለሚያነብልሽ ለጎረቤታችን ለዲያቆን አድማሴም ሰላምታዬ ይድረሰው። ባለፈው የጻፍኩልሽን እየዘለለ እንዳነበበልሽ ደርሼበታለሁና ዛሬ አንድ ቃል እንዳይዘል።

አገሩ ብርድ ነው። ጧት ጧት ጉሙ ከቀርከሃው ላይ ሳይነሳ ደወል እንደውላለን። ሰዉ ከአሁኑ ለጥር ጊዮርጊስ ፈረሱን እየቀለበ ነው፤ ተማሪዎቼም ልባቸው ፈረሱ ጋ ነው። ቤታቸው የሚነጋገሩት በአገውኛ ነው፤ አማርኛው የትምህርት ቤት ነው፤ እንግሊዝኛው ደግሞ በዚያ ላይ ይጫናል። በአንዲት ምላስ ሦስት ቋንቋ ተሸክመው ሲንገዳገዱ አንዳንዴ ያሳዝኑኛል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ያስቁኛል።

ሳልጽፍልሽ የቆየሁት በዚሁ በእንግሊዝኛው ጦስ ነው። ለሦስተኛ ክፍል የማስተምርበት መጽሐፍ ላይ ስለ ማድ ቤት የሚናገር ትምህርት አለ። ሥዕሉ ላይ አንዲት ፈረንጅ ነጭ ሽርጥ አገልድማ ቆማለች። ውሃው ከግድግዳ ይወርድላታል፤ እሳቷ በብረት ሣጥን ውስጥ ተዘግቶበታል፤ ጭስ የለ፣ ጥላሸት የለ። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ ሴትዮዋ ገና ዛሬ ነው ወይ ቤቱ የገባችው ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አይቼው የማላውቀውን ነገር ማስረዳት ሲያቅተኝ ፈረንጇን ተውኳትና ወደ ራሳችን ጓዳ ዞርኩ። ድስትን ፖት፣ ማንኪያን ስፑን፣ ጨውን ሶልት፣ ዱቄትን ፍላወር እያልን ሳምንቱን ሙሉ ጮህን። ወንዶቹ መጀመሪያ አኩርፈው ነበር። ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ ድስት ሲከፍት ቢገኝ ምን እንደሚባል አንቺም ታውቂያለሽ። በእንግሊዝኛ ሲሆን ነውር የለውም ብዬ አግባባኋቸው። በዚያች ቃሌ ኋላ ራሴ ተያዝኩባት።

አርብ ዕለት "በጓዳችሁ ምን አለ?" እያልኩ በእንግሊዝኛ በየተራ አስነሳኋቸው። ስማቸው የሚባለው ልጅ በጾሙ መካከል ቅቤ አለ፣ ማር አለ፣ ሥጋ አለ ብሎ ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ። ቀጥሎ ያለው እሱን ልብለጥ ብሎ በጓዳችን በሬ አለ አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሸጋ የምላት ልጅ አለች። አባቷ ሞቶባት ከእናቷ ጋር ብቻ የምትኖር፣ አእምሮዋ ከክፍሉ ሁሉ የፈጠነ ልጅ ናት። ተራዋ ደርሶ ተነሣችና ዝም አለች። ቃሉ የጠፋት መስሎኝ ልርዳት ብዬ፣ ዱቄት አለ ወይ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ሙሉውን ተናገሪው አልኳት። ጠባዬን ታውቂዋለሽ፤ አንድ ነገር ከያዝኩ አለቅም። "በጓዳችን ዱቄት የለም" አለች፣ በጠራ እንግሊዝኛ። ጨውስ? "በጓዳችን ጨው የለም።" በርበሬስ? እሱም የለም።

እምዬ፣ እኔ ጆሮዬ ላይ የገባው እንግሊዝኛው ብቻ ነው። "የለም" ማለትን ገና አላስተማርኳቸውም ነበር፤ ልጅቷ ለብቻዋ መጽሐፉን ቀድማው ሄዳለች። ደስታዬን አልቻልኩትም። አስጨበጨብኩላት። ከዚያም ክፍሉን በሙሉ አስነሥቼ ከኋላዋ አስደገምኩ። በሸጋ ጓዳ ዱቄት የለም። በሸጋ ጓዳ ጨው የለም። ጣራው እስኪሰነጠቅ ጮኹልኝ። ልጅቷ ግን ጠረጴዛዋን እያየች ነበር፤ እኔ አፍራ ነው፣ ምስጋና አልለመደችም ብዬ አለፍኩት።

ልጅ የተማረውን ቤቱ ወስዶ ይደግማል። እናት ምን ማለት ነው ብላ ትጠይቃለች። እሱም በአገውኛ ይፈታላታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደሩ ሁሉ እንግሊዝኛ ገብቶት ነበር።

ሰኞ ሸጋ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት አቶ አየነው ከእርሻ ሲመለሱ ደጃፉ ላይ አስቆሙኝ። እሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል፤ ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረብኝ።

"መምህር፣ እኛ አገር የሰው ጓዳ ሲቃጠል እንኳ ውሃው ከደጅ ሆኖ ነው የሚረጨው" አሉኝ።

ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። የሸጋ እናት፣ የሻረግ የምላት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ የማንንም ደጅ አልረገጠችም። ልብሷን አጥባ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፤ ማለዳ ማለዳ ጎረቤት እንዲሰማላት ባዶ ሙቀጫ ትወቅጣለች። ጎረቤትም ያውቃል፤ የማያውቅ መስሎ ይኖራል፤ ሲሆንለት በማኅበር በሰንበቴ አሳቦ ያቀምሳታል። እኔ ያንን ሁሉ አፈረስኩት። ጉዱ ከተሰማ በኋላ ሴቶቹ በገሃድ ዱቄት ይዘው ሄዱ፤ እሷም ሁሉንም ከነስልቻቸው መለሰቻቸው። ልጇንም ከትምህርት ቤት አስወጥታ አዲስ ቅዳም ከተማ ለምትኖረው እኅቷ ልትሰጣት ቆርጣለች። ገመናችንን ያወጣ ትምህርት ይቅርብን ብላለች። ቅዳሜ ከገበያተኛው ጋር ልጅቷ ትሄዳለች አሉኝ።

ገመና ምን እንደሆነ አንቺ ያስተማርሽኝ ሰው ነኝ፤ በእንግሊዝኛ ሲሆን ረሳሁት።

በማግስቱ ለራሴ ከገዛሁት ገብስ አንድ ስልቻ ተሸክሜ ሄድኩ። ጨዋ ሴት ናት፤ አጎዛ አንጥፋ አስቀመጠችኝ፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ አገሬ፣ ስለ አንቺም ጠየቀችኝ። ሸጋ ምሰሶው ጀርባ ቆማ ቀና ብላ አላየችኝም። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እናትየዋ ቀደመችኝ። ልጅቷ ያለችው ለትምህርቱ ብላ ነው እንጂ እኛ ቤት ምን ጎድሎ፤ እህሉን ለቸገረው ይስጡት አለችኝ። ስልቻዬን ራሷ አንሥታ ትከሻዬ ላይ አኖረችልኝ። ሰው እያየኝ መንደሩን አቋርጬ ተመለስኩ፤ ገብሱ ስመለስ ከበደኝ።

ሐሙስ ጧት ተማሪዎቹን ሁሉ አሰልፌ ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው። የኔን ጓዳ አንቺ ብታዪው ታለቅሺ ነበር። እሳት ነክቷቸው የማያውቁ ሦስት ጉልቻዎች፣ አንድ የውሃ እንስራ፣ አንድ ጣሳ፣ ነቀዝ የገባበት ገብስ። እስከዚያ ቀን የምኖረው በሻይ ቤት ዳቦና በበሶ ነበር፤ ለአንቺ ግን በደንብ እበላለሁ ብዬ ስጽፍ ከርሜያለሁ። እግዜር ይይልኝ።

በመምህራችሁ ጓዳ ምን አለ ብዬ ጠየቅኋቸው። ማንም አልመለሰም። እነሱ የተሻሉ ናቸው፤ የሰው ጉድለት በባዕድ ቋንቋም አይጠራላቸውም። እኔ ነኝ የጠየቅሁት፣ ፈቅጄላችኋለሁ ብዬ ለመንኳቸው። በመጨረሻ ያ ባለ ቅቤው ስማቸው እየፈራ "በመምህር ጓዳ ድስት የለም" አለ። አጨበጨብኩለት። ያኔ አፋቸው ተፈታ። ጨው የለም። ዱቄት የለም። እሳት የለም። ሁሉንም እያስደገምኩ ደጁን አስጮህኩት። ከኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ ደግሞ ካለፈው ወር ትምህርት የቀራትን ቃል አውጥታ "በመምህር ጓዳ እናት የለችም" አለች።

እሱን አላስደገምኩም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደሩ የኔንም ጓዳ አወቀ። አንዷ ድንች፣ አንዷ ሽሮ፣ አንዷ አሮጌ ድስት ይዛልኝ መጣች። የአቶ አየነው ሚስት ጎመን ቀቅላ አመጣችልኝ። አንዱንም አልመለስኩም፤ ተቀበልኩ፣ አፈርኩ፣ አመሰገንኩ። መቀበል ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት ያኔ ነው።

አርብ ከሰዓት በኋላ የሻረግ ራሷ መጣች። ከነጠላዋ ሥር እፍኝ የምታህል የገብስ ቆሎ በሳህን ሸፍና ይዛለች። ከየት እንዳመጣቻት አልጠየቅሁም፤ ፊቷ ተቀምጬ በላኋት። እሷ ጉልቻዎቹን አየች፤ እኔን አየች።

"እናት የለዎትም?" አለችኝ።

"አለችኝ" አልኳት።

"እንዲህ መሆንዎን ታውቃለች?"

አታውቅም፣ አልጻፍኩላትም አልኳት።

"ሰው ከእናቱ ይደብቃል?"

"እናትስ ከልጇ ትደብቅ የለም?" አልኳት።

ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅለል አድርጋ ዓይኗን ወደ ደጅ መለሰች። እኔም የልቤን ነገርኳት። ገብሴን ነቀዝ እየጨረሰው ነው፤ የሚቆላው፣ የሚፈጨው የለም፤ እኔ ላሰናዳው ብል ሞያው የለኝም። እርስዎ ቤት ይግባና እርስዎ ይጋግሩት፣ ሸጋም እኔም እርስዎም አብረን እንብላው፤ ለሞያዎ እኔ ነኝ ባለዕዳ አልኳት። መልሱን በልቧ አላመጠችው። ኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ እህሉ በጠራራ ፀሐይ፣ በመንደሩ መሐል ይምጣ አለች። የመምህሩ እህል ለመፈጨት መምጣቱን ሰው ሁሉ ይይ። አቶ አየነው ስልቻውን አላስነካ አሉኝ፤ ራሳቸው ተሸክመው፣ ያገኙትን ሁሉ ሰላም እያሉ፣ ረጅሙን መንገድ ዞረው አደረሱት።

ቅዳሜ ገበያተኛው ያለ ሸጋ ወደ አዲስ ቅዳም ወረደ። ሰኞ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ደብተሯን ለማየት ጎንበስ ስል ቀስ ብላ፣ ለምሳ ምን እንዳለ ልንገርዎት ወይ አለችኝ። አይሆንም፣ ሄጄ አየዋለሁ አልኳት።

የሻረግ ያልኩሽ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ የልጅቷም እንዲሁ። አንድ ጊዜ ተሳስቶ ያልተማረ መምህር አልባልም።

አሁን ወደ ጎደለኝ ነገር ልምጣ። ነጋዴው ደጉ ባለፈው ሳምንት በቅሎዎቹን ጭኖ በዚህ ሲያልፍ የላክሽልኝን በሶ አድርሶኛል። እጅሽ ይባረክ። የጥቅምቱ በረዶ አገሩን እንዴት እንዳደረገው ነገረኝ። ስለ አንቺ ስጠይቀው፣ ደህና ናቸው፣ ምንም አልጎደለባቸውም አለና ፊቱን አዙሮ የበቅሎውን መጫኛ ማጥበቅ ጀመረ። ያንቺም ደብዳቤ የሚለው ያንኑ ነው። በረዶው የግራ ቀኙን ማሳ መትቶ የኛን አለፈው ብለሻል። ይሁን፣ እምዬ። በረዶም ሰው ይመርጣል። ስለ እህሉ አልጠይቅሽም።

የሻረግ የምትሠራው እንደ አንቺ ባይሆንም ይጣፍጣል፤ ወፈርክ ይሉኛል። ይህችን መስመር አድማሴ ቢዘላት አልቀየመውም። ቀጥሎ ያለውን ግን ጮክ ብሎ ያንብበው፤ በሩን ከፍቶ፣ ደጅ ያለውም ሰው እንዲሰማው አድርጎ ያንብበው።

እኔ ልጅሽ ተቸግሬያለሁ። ጓዳዬ ባዶ ነው፤ የመንደሩ ልጅ ሁሉ በሦስት ቋንቋ ያውቀዋል። ወላጅ የሌለው መሰልኩ፤ ሰው እናት የለውም ወይ እያለ ያማኛል። ከአንቺ በቀር ይህን የሚያቃናልኝ የለም። ደጉ ከቃና ማግስት ከእናንተ ዘንድ ተነሥቶ ወደዚህ ይመለሳል። አንደኛዋ በቅሎ ጭነት የላትም፤ ኮርቻዋን ያስለሰለስኩት እኔ ነኝ። የጉልበትሽን ነገር አስቤ በቀስታ እንዲያመጣሽ ነግሬዋለሁ። ምንም ይዘሽ አትምጪ፤ እዚህ ገብሱ የሚቆላው አጥቶ ነው እንጂ ሞልቷል። ቤቱን ለአድማሴ አደራ ስጪው። እስከ መቼ ነው ካልሽኝ፣ የልጅሽ ጓዳ ጓዳ እስኪሆን ነው፤ እኔ ደግሞ ሞያ ቶሎ አይገባኝም።

መንገድሽን ጊዮርጊስ ይምራልሽ፤ ብርዱን ከፊትሽ ይመልስልሽ። እሱ በደኅና ያድርስሽና ደጄ ላይ ቆሜ ልቀበልሽ።

ሰው ወዴት ነሽ ቢልሽ፣ ልጄ ቸግሮት ነው በያቸው።

ልጅሽ