ሁለት ቀዳዳ የጠበቀው ማሰሪያ

ለምሳሳልሽ ልጄ፣
ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ ብርዱስ? ጉልበቴ እንደ ልማዱ ቢነጫነጭም እኔ ደህና ነኝ።

እዚህ ወሬው ሁሉ የመሪያችን ጤና ሆኗል። ያስጀመረው አባትሽ ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ? ዜና እያየን ድንገት ብድግ አለና፣ «የእጅ ሰዓታቸውን ማሰሪያ አየሽው? ከቀድሞው ሁለት ቀዳዳ ጠብቋል። ሰውዬው ከስተዋል» አለ። መቼም አርባ ዓመት ሙሉ ቀበቶ ሲሠራና ሲበሳ የኖረ ሰው ዓይኑ አይስትም። በማግስቱ ለፀጉር አስተካካዩ ነገረው፤ እሱ ከሰማ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ ማለት ነው። ትናንት ቴሌቪዥኑ «በሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛሉ» ሲል አባትሽ ከት ብሎ ሳቀ። «ደህና ለሆነ ሰው መግለጫ ምን ያደርግለታል?» አለኝ።

ዛሬ ሱሪውን ላጥብ ብዬ ቀበቶውን ሳወጣ ሦስት አዲስ ቀዳዳ አገኘሁበት። ብጠይቀው «ቆዳው ተለጥጦ ነው» አለኝ። እሱ የሠራው ቀበቶ ሲለጠጥ አይቼ አላውቅም።

ፈቃድሽ ለዓመቱ መጨረሻ ነው ብለሽኝ ነበር። ቀደም ማድረግ አይቻልም? እንዲያው ናፍቀሽኝ ነው።

አባትሽ «ደህና ነው ብለሽ ጻፊላት» ብሎኛል። ይኸው ጽፌያለሁ።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ፤
እናትሽ