በፊውዝ ቦታ የገባው ሽቦ

ሽብሩ፣

ዋናውን ማጥፊያ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እንዳታበራው!

ፊውዙ ሲቃጠል በቦታው የመዳብ ሽቦ ጠምዝዘህ አስገብተሃል። ከዚያ ኤሲውንም ካውያውንም አንድ ሶኬት ላይ ሰክተህ ሥራ ሄድክ። እህትህ ቦንቱ የምትተኛበት ክፍል ግድግዳ ግሎ እጅ አያስነካም። የሽቦው ልባስ ቀልጦ ይሸታል።

«ፊውዙ ደካማ ነው፣ በየቀኑ ይቃጠላል» ትላለህ። ሥራው መቃጠል ነው እኮ! ኮረንቲው ከመጠን ሲያልፍ ቀድሞ ተቃጥሎ መንገዱን ይቆርጣል። ያንተ ሽቦ አይቆርጥም፤ የሚቃጠለው ቤቱ ነው።

ካምሲን በሚሉት በዚህ የበረሃ ነፋስ ሙቀት ቦንቱ እንቅልፍ እንድታገኝ ብለህ ነው፣ አውቃለሁ።

ሦስት ቀን ሙሉ በፈረንጅ አፍ አቶ እያልከኝ «ሙሴ ኢንጂነር፣ እባክህ እየው» ስትለኝም ሰምቻለሁ። ባሕር ማዶ ሊዮን ከተማ ኤሌክትሪክ የተማርኩት ጠረጴዛ ላይ፣ በባትሪና በትንሽ አምፖል ነው። የቤት ፊውዝ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ይህን ከመናገር «ሥራዬ አይደለም» ማለት ቀለለኝ።

ቦንቱ ዛሬ ጎረቤት፣ እነ ደብሪቱ ቤት ትደር።

ራስ ዲካ ሰፈር አለ የተባለ ኤሌክትሪሺያን ላመጣ ወጥቻለሁ። ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ እንደ ተማሪ እጠይቀዋለሁ።

ብትስቅ ወየውልህ።

ዮሳዲቅ